ቴድ ዊሊያምስ እና 0.406

በቤዝቦል የአንድ መቺ ችሎታ ከሚለካባቸው ስሌቶች አንጋፋው የመምታት ምጣኔ ሲሆን፣ ይህም መቺው በራሱ ምት፣ ያለ ተከላካዮች ስህተት፣ ቢያንስ አንደኛው ቤዝ የደረሰባቸው ጊዜያት ለሙከራዎቹ ብዛት ተካፍለው የሚገኝ ቁጥር ነው። ከአሥር ሙከራ ሦስቱ የተሳካለት፣ ማለትም 0.300 ያስመዘገበ፣ ጎበዝ ይባላል፤ ሰባቱን ስቶ የሚመሰገንበት ስፖርት መቼም ብዙ አይደለም።

የቦስተን ሬድ ሶክሱ ቴድ ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ1941 የውድድሩ ማብቂያ ቀን፣ ሴፕቴምበር 28፣ ፊላዴልፊያ ውስጥ ከአትሌቲክስ ጋር ሁለት ጨዋታ ይጠብቀው ነበር። እስከ ዋዜማው በ448 ሙከራ 179 ምት ስለነበረው ምጣኔው 0.39955 ነበር፤ ይህም በመዝገብ ላይ ተጠጋግቶ 0.400 ይጻፍለት ስለነበር፣ አሰልጣኙ ጆ ክሮኒን ከፈለገ ማረፍ እንደሚችል ነገረው። የ23 ዓመቱ ወጣት ግን ተጠጋግቶ የሚገኝ ክብር አልዋጥ ብሎት በሁለቱም ጨዋታዎች ተሰለፈ፤ ከስምንት ሙከራም ስድስቱን መትቶ በ0.406 ጨረሰ። በዚያ ዓመት፣ በአየር ላይ ተቀልባ ጓደኛውን ለነጥብ ያበቃች ኳስ እንኳ ለመቺው እንደ ከሸፈ ሙከራ ትቆጠርበት ስለነበር፣ በዛሬው ደንብ ቢሰላ ቁጥሩ ከዚህም ከፍ ይል ነበር።

ከምቱ ይልቅ የሚያስገርመው ትዕግሥቱ ነው። ወርዋሪው አራት ጊዜ ከመምቻው ክልል ውጪ ሲወረውር መቺው በነጻ አንደኛው ቤዝ ይሰጠዋል፤ ዊሊያምስ በዚያው ዓመት 147 ጊዜ እንዲህ ሲያልፍ፣ በሦስት ስህተት የተሰናበተው 27 ጊዜ ብቻ ነበር። የሊጉ የኮከብነት ሽልማት ግን በ56 ተከታታይ ጨዋታዎች መምታት ለቻለው ለጆ ዲማጂዮ ተሰጠ።

ከ1943 እስከ 1945 ያሉትን ሦስት የውድድር ዘመናት ለባሕር ኃይል አብራሪነት የሰጠው፣ በኋላም ኮሪያ ላይ 39 የውጊያ በረራዎች ያደረገው ዊሊያምስ፣ በ1960 በ521 ሆም ረን፣ ማለትም መቺውን ሁሉንም ቤዞች አዙረው በሚመልሱ ምቶች፣ ተሰናበተ። በ1966 በዝነኞች አዳራሽ ሲከበር፣ በዘር መድልዎ ምክንያት ከታላላቅ ሊጎች ታግደው የኖሩት ጥቁር ተጫዋቾች፣ በተለይም ሳቸል ፔጅ እና ጆሽ ጊብሰን፣ እዚያው አዳራሽ እንዲገቡ በአደባባይ ጠየቀ። ጊብሰን ገባ፤ በ2024 የጥቁሮች ሊግ አኃዞች ከዋናው መዝገብ ሲቀላቀሉም፣ በ1943 ያስመዘገበው 0.466 ከዊሊያምስ 0.406 በላይ ሰፈረ።