ቍጥር የለበሰ ፊደል

እ.ኤ.አ. በ2009 ከስዊድን ወጥቶ ዓለሙን ሁሉ ያዳረሰው ማይንክራፍት የተባለው ጨዋታ፣ ልጆች በየቤቱ ሲጫወቱት ከዳር ሆኖ ለሚያይ ሰው የአራት ማዕዘን ድንጋይ ክምር ከመሆን ያለፈ ባይመስልም፣ ሞድ ለሚሠሩት፣ ማለት የጨዋታውን ፋይል ከፍተው እንደ ልባቸው ለሚለውጡትና ለሚጨምሩበት ወጣቶች ግን፣ ከድንጋዩ በስተኋላ ራሱን የቻለ የጽሕፈት ሥርዐት አለው። በዚያ ሥርዐት መግቢያ በር ላይ የቆመው ምልክት § ነው፤ በአውሮፓ የሕግ መጻሕፍት የአንቀጽ መለያ ሆኖ የኖረ፣ በስዊድን የቍልፍ ገበታ ላይም ከ1 ቍጥር አጠገብ የራሱ ስፍራ የተሰጠው ምልክት። ከ§ ቀጥሎ አንድ አኃዝ ወይም ከመጀመሪያዎቹ ስድስት የላቲን ፊደላት አንዱ ሲጻፍ ምልክቱም ኮዱም ከዓይን ይሰወሩና ተከትሎ የሚመጣው ቃል ቀለሙን ይለውጣል፤ §2 ጠቈር ያለ አረንጓዴ፣ §6 ወርቅማ፣ §4 ጠቈር ያለ ቀይ ሲሆን፣ ቀለማቱ በጠቅላላው 16 ናቸው።

ብራና ጸሓፊዎቻችን ከእመቤታችን ወይም ከጻድቁ ስም ሲደርሱ ጥቁሩን ቀለም አቁመው በቀይ ይጽፉና ስሙ ሲፈጸም ወደ ጥቁሩ ይመለሱ እንደ ነበረ ሁሉ፣ ሞድ ሠሪውም የአንዱን ጀግና ወይም የአንዱን ሰይፍ ስም በ§4 ካቀላ በኋላ የመመለሻውን ኮድ ሳይዘነጋ ማስገባት አለበት፤ ከዘነጋው ግን ስሙን የተከተለው ዐረፍተ ነገር በሙሉ ቀልቶ ይቀራል። ጨዋታው § በውይይት ሰሌዳው ላይ በእጅ እንዲጻፍ ስለማይፈቅድ፣ የሰርቨር ባለቤቶች ብዙውን ጊዜ & እያስገቡ በኋላ ፕለጊን የተባለው ተጨማሪ ፕሮግራም ወደ § እንዲለውጥላቸው ያደርጋሉ።

ይህ ሁሉ ለቀለም ነው፤ ነገሩ የሚከብደው ሰው በገዛ ፊደሉ ልጻፍ ባለ ጊዜ ነው። ጨዋታው የተሠራበት ጃቫ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ፣ ፕሮፐርቲስ የሚባሉትን ፋይሎች ከጥንት ጀምሮ በምዕራብ አውሮፓ ፊደል ልክ ሲያነብ የኖረ ስለ ሆነ፣ በቀደሙት የጨዋታው ሰርቨሮች ለእንግዳ ተጫዋች የሚታየው የሰላምታ ቃል በዚያ ፋይል «ሰላም» ተብሎ በአማርኛ ቢጻፍ፣ እያንዳንዱ ፊደላችን ዩቲኤፍ-8 በተባለው የኮምፒውተር አጻጻፍ ሦስት ባይት የሚፈጅ ነውና፣ አንባቢው መሣሪያ ሦስቱን ባይት እንደ ሦስት የተለያዩ ፊደላት ይቈጥራቸዋል። በ«ሰ» ፈንታ በራሷ ላይ ጭረት ያለባት የላቲን ኤ፣ ቀጥሎ ለዓይን የማይታይ ምልክት፣ ከዚያም የሙቀት ዲግሪ የምትጻፍበት ትንሿ ክብ ይወጣሉ፤ የሚቀጥሉት ሁለት ፊደላትም በዚያችው ባለ ጭረት ኤ ይጀምራሉ። ሰው የማያውቀው ነገር አይደለም፤ ዩኒኮድ፣ ማለት የዓለምን ፊደላት በቍጥር የሚመዘግበው ሥርዐት፣ ከመምጣቱ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ስንት መሥሪያ ቤት ተደናግሯል!

መድኀኒቱ፣ ወደ ኋላ ያዘነበለ ጭረት፣ ቀጥሎ ዩ የምትባለውን የላቲን ፊደል፣ ከዚያም የፊደሉን ባለ አራት አኃዝ ቍጥር መጻፍ ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በዩኒኮድ 3.0 ሲመዘገብ የተሰጠው ርስት ከ1200 ይጀምራል፤ «ሀ» 1200፣ «ሐ» 1210፣ «ሠ» 1220፣ «ሰ» 1230 ነው። አቈጣጠሩ በ16 ስለ ሆነ ከ9 ቀጥሎ ስድስት የላቲን ፊደላት እንደ አኃዝ ይገባሉ፤ ይህን ያልተረዳ ሰው ሰንጠረዡን ሲያየው ግራ ይጋባል፣ የተረዳው ግን የኔታ ያስቈጠሩት ገበታ ራሱ መሆኑን ያያል። መዝጋቢዎቹ አበገደን ትተው ሀለሐመን ተከትለዋል፤ ለእያንዳንዱ ቤትም ስምንት ስፍራ ሰጥተዋል፤ ሰባቱ ለግዕዝ፣ ለካዕብ፣ ለሣልስ፣ ለራብዕ፣ ለኃምስ፣ ለሳድስና ለሳብዕ፣ ስምንተኛው እንደ «ሷ» ላለው ዲቃላ። ስለዚህ «ሰ» 1230 ከሆነ «ሱ» 1231፣ «ስ» 1235፣ «ሷ» 1237 ነው፤ በ1238 ላይ «ሸ» ይጀምራል። በ0 የሚጀምር ቤት ሁሉ ሳድሱ በ5 ያልቃል፤ 1245 «ቅ»፣ 1265 «ብ»፣ 1275 «ት»። ካዕብና ሳብዕ የሌለው የ«ቈ» ቤት እንኳ ስፍራው አልተዛነፈም፤ «ቈ» 1248 ላይ ሲቀመጥ፣ ካዕቡ ሊሆን ይገባው የነበረው 1249 ባዶውን ተትቷል። እኔ እንደሚመስለኝ ሰንጠረዡን የሠሩት ሰዎች ከሁሉ ይልቅ የሚመሰገኑት በእነዚህ ባዶ ቤቶች ነው። ሁለት ነጥብ 1361፣ አራት ነጥብ 1362 ነው፤ የላቲኑን ሁለት ነጥብ ደጋግሞ አራት ነጥብ አደረግሁ የሚል ሰው ግን ዓይንን እንጂ መሣሪያን አያታልልም።

ቍጥሩ ቢስተካከልም ሥዕሉ ከሌለ የሚታየው ባዶ ሳጥን ነው። ማይንክራፍት ለዚህ የሚጠቀምበት ሮማን ቺዝቦራ እ.ኤ.አ. በ1998 የጀመረው ዩኒፎንት ነው፤ የጨዋታው የላቲን ፊደል በ8 በ8 ነጥብ ሲሣል፣ የእኛ በ16 በ16 ተሥሎ በዚያው ቁመት ስለሚገባ፣ አማርኛው ከእንግሊዝኛው አጠገብ ሲቆም ቀጠን ያለ ሆኖ ይታያል፤ «ጿ»ን በዚያች ጠባብ ስፍራ ለማስገባት የደከመውን ሰው ግን ማድነቅ ይገባል። አንዳንድ ሞድ ሠሪ በዩኒኮድ ለግል ጥቅም በተተወው ባለ 6,400 ስፍራ ላይ የልብና የሳንቲም ሥዕል እንደ ፊደል ያስቀምጣል፤ መልካም ነው። የአማርኛውን ፊደል በዚያ ስፍራ አሳምሬ ልሣል ማለት ግን ወደ ቀድሞው የፎንት ጭንቀት መመለስ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው ከ1.13 ወዲህ የጨዋታው የቋንቋ ፋይል ጄሶን በሚባለው ዐይነት ይጻፋል፤ አማርኛም ያለ ኮድ በቀጥታ ይገባበታል፤ ይሁን እንጂ ቍጥሩን ማወቅ አላስፈላጊ አልሆነም። ተርጓሚው አንዱን ፍጡር በአንድ ፋይል «ንጉሥ»፣ በሌላው «ንጉስ» ብሎ ቢሰይመው፣ ተጫዋቹ ሁለቱን አንድ አድርጎ ያነባቸዋል፤ በስሙ የሚፈልገው ትእዛዝ ግን በ1225 የተጻፈውን በ1235 ቢጠሩት አያገኘውም፣ ምንም ዐይነት የስሕተት ምልክትም በፊደሉ ላይ አያሳይም፤ ሞድ ሠሪውም ጥፋቱ ያለው በፕሮግራሙ ውስጥ መስሎት ሌሊቱን ሲፈትሽ ያድራል።