የጌሾው ተከራይ

ደሃና ውስጥ የወፍ ጎጆ ለማግኘት ዛፍ ለዛፍ እያንጋጠጠ የሚዞር ሰው አንገቱን ያመዋል እንጂ ጎጆ አያገኝም። የሚሻለው በርጩማ አውጥቶ ደጃፍ መቀመጥ፣ ቢቻል ቡና የሚፈላበትን ሰዓት መምረጥ፣ ከዚያ ስለ ገበያውም ስለ ዝናቡም ወሬ መጀመር ነው፤ ሲፈልጓት የምትሰወር ወፍ የረሷት ሲመስላት ቤቷን ራሷ ታሳያለች። በዚህ ሙያ ከማውቃቸው ሁሉ አክስቴን የሚስተካከል የለም። ከአምደወርቅ ወጣ ብሎ ባለው ግቢዋ ወይራ፣ ግራር፣ ጥቂት ባህር ዛፍ፣ ከማድቤቱ ጀርባ ደግሞ ጌሾ አለ፤ እሷ ግን ግቢዋን የምትቆጥረው በነዋሪ ነው። ቡና እየቆላች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ወይራው ዘንድሮ ባዶ ነው፣ ግራሩ ግን ሁለት አባወራ ይዟል» ትላለች።

እንዴት አወቅሽ ብትሏት «አፏን አይቼ» ነው መልሷ። ምንቃሯ ባዶ የሆነ ወፍ የትም ልትሄድ ትችላለች፤ ሳር የያዘች ግን ቤት እየሠራች ነው፣ ትል የያዘች ደግሞ የወለደች ናት። ችግሩ ወፏም ይህን የምታውቅ መምሰሏ ነው። ትሏን እንደያዘች አጥሩ ላይ ታርፋለች፤ ግራ ታያለች፣ ቀኝ ታያለች፣ ጅራቷን አንዴ ከፍ አድርጋ ትመልሳለች፤ ከዚያ ምንም ጉዳይ ወደሌላት ወደ ቁልቋሉ ትሄዳለች፣ ከቁልቋሉ ወደ ግራሩ፣ ከግራሩ ተመልሳ ወደ አጥሩ፤ ሥጋ ገዝቶ በጎረቤት ደጃፍ በኩል ማለፍ ግድ ሆኖበት ዘንቢሉን በጋቢው ሸፍኖ ሰላምታ እንደሚያበዛ ሰው። አቦሉ ሲቀዳ ገና እየተጠራጠረች ነው። ቶናው ላይ ወሬው ሲሞቅና ማንም ወደሷ እንደማያይ ሲገባት፣ እልም ብላ ቅጠሉ ውስጥ ትገባለች። በረካው ላይ የቀረን ሥራ ቅርንጫፉን በልብ መያዝ ብቻ ነው።

ስትገባ ላመለጠችው ሰው ደግሞ ስትወጣ ሌላ ዕድል አለው። የዘማሪ ወፎች ጫጩት ኩሱን በስስ ነጭ ከረጢት ጠቅልሎ ነው የሚጥለው፤ እናትና አባት ያቺን ከረጢት በምንቃራቸው አንስተው፣ ከጎጆው አርቀው ሄደው ይጥሏታል። ትል ይዛ ገብታ ነጭ ነገር ይዛ የወጣች ወፍ ካያችሁ ጎጆው እዚያ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ጫጩቶቹም ተፈልፍለዋል፣ እየበሉም ነው። ቤት ከሚገባው ይልቅ በሚወጣው ይታወቃል እላለሁ እኔ፣ ይህን ካየሁ ወዲህ።

ወደ ወንዙ ወረድ ሲሉ ግን ድብብቆሽ የማያውቅ ነገድ አለ፤ እሱም ቢጫው ሸማኔ ወፍ ነው፣ ያ በመንጋ ሆኖ አንድ ግራር ላይ ጎጆውን የሚደረድረው። ወንዱ ሲሠራ ማየት ሥራ ያስፈታል። የሳሩን ቅጠል ጠርዝ ነክሶ ይይዝና ይበራል፤ በበረረበት ጉልበት ቅጠሉ ቁልቁል ተሰንጥቆ ረጅም ክር ሆኖ ይከተለዋል። ክሩን ቅርንጫፉ ላይ አስሮ መጀመሪያ ቀለበት ይሠራል፤ ከዚያ ቀለበቱ ላይ ቆሞ፣ ከቆመበት ሳይነሳ፣ ምንቃሩ እስከሚደርስበት ድረስ ዙሪያውን ይጠልፋል። የቤቱ ስፋት የአንገቱ ርዝመት ነው ማለት ነው። ሲጨርስ በሩ ላይ ተዘቅዝቆ ክንፉን እያርገበገበ ሴቷን ይጠራል። እሷ ትመጣለች፣ ትገባለች፣ ከውስጥ ሆና ክሩን ሳብ ሳብ አድርጋ ትፈትሻለች፤ ካልጣማት ምንም ሳትል ትሄዳለች። ኒኮላስና ኤልሲ ኮሊያስ የተባሉ አሜሪካውያን ባልና ሚስት የዚህን ወፍ ጎጆ አሠራር ሲያጠኑ ዓመታት ያሳለፉ ሰዎች ናቸው፤ እነሱ እንዳዩት ሴቷ የምትመርጠው ገና ያልደረቀውን አረንጓዴ ጎጆ ነው። ቡኒ የሆነውን ወንዱ ራሱ ክር በክር ፈትቶ ያፈርስና እንደገና ይጀምራል። እኛ ልጆች ሆነን ከግራሩ ሥር ወድቆ የምናገኘው የሳር ኳስ፣ ለካ ያልተሳካ ሽምግልና ነበር።

እዚሁ ግራር ላይ ሌላም ብልሃት አለ። ጉንጩ ቀይ፣ ደረቱ ሰማያዊ የሆነች ደቃቃ ወፍ አለች፤ ጎጆዋን ብዙ ጊዜ የምትሠራው ተርብ ከሰፈረበት ቅርንጫፍ አጠገብ ነው። እሾሁ አንድ አጥር፣ ተርቡ ሁለተኛ አጥር። እንቁላል ሊያወጣ ወደዚያ የወጣ ልጅ ዓይኑ አብጦ ሲመለስ፣ ምን ነካህ ተብሎ አይጠየቅም፤ የት እንደነበረ ፊቱ ላይ ተጽፏል።

እንግዲህ ቤት ካነሳን፣ የቤቱን ግድግዳ የምትጋራውን ማለፍ ነውር ነው። እህል ሲበጠር ከዶሮዎቹ መሃል ገብታ የምትለቅመውን፣ ወንዱ ቀላ የሚለውን፣ አውራ ጣት የምታህለዋን ወፍ ማለቴ ነው። በድንጋዩ ግድግዳ ሽንቁር፣ በሳሩ ክዳን ሥር ትገባና ጎጆዋን በላባ ታነጥፋለች። በዓል ባለፈ ማግስት ከራሷ የሚበልጥ የዶሮ ላባ ነክሳ ነፋሱ እያንገዳገዳት ስትጓዝ ያየ፣ ዶሮ ወጡ ለስንት ቤት እንደተረፈ ይገባዋል። የሷ ቤት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ጥቁር ላባ ያለው ሌላ ትንሽ ወፍ አለ፤ የዚህ ወፍ ሴት ጎጆ መሥራት የሚባል ነገር አታውቅም፤ እንቁላሏን እዚህ ጥላ ትሄዳለች። ጫጩቱ የቤቱን ልጆች አይገፋም፣ አብሯቸው ይበላል፣ አብሯቸው ያድጋል። ጀርመናዊው ዩርገን ኒኮላይ በ1964 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ከዚህ ወገን የሆኑ ወንዶች አድገው ሲዘፍኑ የአሳዳጊዎቻቸውን ዜማ ይጨምሩበታል። ወፍ እንደ አገሯ ትጮሃለች የሚለው ተረታችን እዚህ ጋ ትንሽ ይሻሻላል፤ ይኸኛው የሚጮኸው እንዳሳደገው ቤት ነው።

ስለ ወንዶች ከተነሳ፣ ጅራተ ረጅሙን ዝንብ ያዥ ማንሳት ፍትሕ ነው። ቀይ ዳማ ነው፣ ራሱ ጥቁር፣ ጅራቱ ከአካሉ የሚረዝም። ጎጆው ግን የቡና ስኒ እንኳ አታህልም፤ ቅርንጫፍ መንታ ላይ በሸረሪት ድር የተጣበቀች ናት። ይህን ጅራት ይዞ ማደን ይቻል ይሆናል፣ እንቁላል መታቀፍ ግን እንዴት ይሆናል ብሎ የሚጠይቅ አለ፤ እሱ ግን ከሴቷ ጋር እየተፈራረቀ ይታቀፋል። ጅራቱን ወደ ውጭ ለቅቆት፣ ነፋስ ሲመጣ ብቻ ወዲያና ወዲህ እያለ። ጎጆው በደንብ ተደብቋል፣ ባለቤቱ ግን ባንዲራ ሰቅሏል።

ማሽላ ሲያፈራ በቆላው ያሉ ልጆች ማማ ላይ ወጥተው ወንጭፍ ይዘው ይውላሉ፤ ጠላታቸው ግሪሳ ነው። ግሪሳ ደግሞ፣ ዘር ከተቆጠረ፣ ከሸማኔው ወፍ ጋር የአጎት ልጅ ነው። ቀኑን ሙሉ ግሪሳ ሲያባርር የዋለ ልጅ ማታ ቤቱ ሲመለስ የሸማኔውን ጎጆ ቁጥር ታናሽ ወንድሙን ይጠይቃል፤ ሁለቱ ወፎች ዘመዳሞች መሆናቸውን የነገረው የለም፣ ቢነግሩትም የእርሻና የደጅ ሒሳብ ለየብቻ ነው የሚለው ይመስለኛል።

አሁን ወደ ጌሾው። ጥቅምት ላይ፣ አክስቴ ለኅዳር ሚካኤል ዝክር ጠላ ልትጠነስስ ጌሾ ልትሸመጥጥ ወጣች። ከቅርንጫፎቹ አንዱ ላይ ነፋስ ያመጣው የሚመስል ጉድፍ ተንጠልጥሏል፤ ደረቅ ሳር፣ ቅርፊት፣ የሸረሪት ድር። እጇን ዘርግታ ልታነሳው ስትል ከጎኑ ካለች ቀዳዳ ቀጭን ጠማማ ምንቃር ብቅ አለ። አበባ ቀሳሚዋ ነበረች። የነዚህ ወፎች ወንድ እንደ ንጉሥ ልብስ ለብሶ አበባ ለአበባ ሲዞር ይውላል፤ ጎጆውን የምትሠራው አመዳም የሆነችው ሴቷ ናት፣ ከላይ እንኳ ዝናብ እንዳይገባ በሩ ላይ ትንሽ ጥላ ታወጣለታለች። ከመካከላቸው ወንዱ ሐምራዊ የሚያብረቀርቀው ትልቁ፣ የእኛኑ ተከዜን ስም ይዞ በዓለም መዝገብ ላይ ተጽፏል፤ ይህም የሆነው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ1814 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የኢትዮጵያ ጉዞው መጽሐፍ ነው። ወንዙ ቆላ ለቆላ ሲወርድ፣ ወፉ ግን ደጋ ነው የሚወደው፤ በስም ቆለኛ፣ በኑሮ ደገኛ።

አክስቴ ይህን ሁሉ አላወቀችም፣ ማወቅም አላስፈለጋት። ሌሎቹን ቅርንጫፎች በጥንቃቄ ሸመጠጠች፣ ያቺን ተወቻት፣ ከዙሪያዋ ያሉትንም ለጥላ ብላ ተወች። ለጎረቤት ልጆች አልነገረችም። ከጎጆው ጋር ያለው ዋናው ሥነ ሥርዓት ይኸው ነው፤ ማወቅ፣ ያወቁ አለመምሰል፣ በዚያ በኩል ሲያልፉ እርምጃን አለማቀዝቀዝ። ሰው ቆሞ ያየውን ቁራም ያየዋል።

ጌሾው ግን ጎደለ። ከጎረቤት ልትበደር ትችል ነበር፣ ነገር ግን ብድር ምክንያት ይጠይቃል፣ ምክንያቱ ከተነገረ ደግሞ ምስጢሩ በአንድ ገበያ ቀን ሰቆጣ ይደርሳል። በዝክሩ ዕለት የነፍስ አባቷ ጠላውን ቀምሰው ዋንጫውን ትንሽ አዩት።

«ምነው ልጄ፣ ዘንድሮ ጌሾው ሳሳ?»

«አዎ አባ፣ ተከራይ ገብቶበታል።»

«ኪራዩንስ ይከፍላል?»

«ማለዳ ማለዳ ይዘምራል አባ።»

አባ ጥቂት አሰቡና ዋንጫውን ዘረጉላት። «እንግዲያው ቅጂልኝ» አሉ፣ «ከኛ ዲያቆን በጊዜ ይነሳል ማለት ነው።»