ለራያ ቆላ የሚበቃው ሌንስ፦ ስለ ግሪሳ፣ ስለ ማማና ስለ 400 ሚሊሜትር

የዱር እንስሳትን ፎቶግራፍ ለማንሣት ቴሌፎቶ፣ ማለትም ሩቅ ያለውን አቅርቦ የሚያሳይ ሌንስ፣ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው «ስንት ሚሊሜትር ይሻላል?» ብሎ ነው፤ ይሁንና እንስሳው ሰውን እስከ ምን ድረስ እንደሚያስጠጋ፣ ብርሃኑ በየትኛው ሰዓት እንደሚመችና በመካከል ያለው አየር ምን ዓይነት እንደሆነ እስካልታወቀ ድረስ ጥያቄው መልስ የለውም። ለአፍሪካ የሚመከሩት ሌንሶች በአብዛኛው የታሰቡት ከመኪና ሳይወርዱ አንበሳና ዝሆን ለሚያዩ የኬንያና የታንዛንያ ጎብኚዎች ሲሆን፣ የሰሜን ወሎው የራያ ቆላ ግን ብሔራዊ ፓርክም የጉብኝት መኪናም የሌለበት የእርሻ ምድር ነው። ቆቦ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,470 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በወልድያና በአላማጣ መካከል በተዘረጋው ሜዳ ትገኛለች፤ ሜዳውን በምዕራብ ወደ ግዳንና ወደ ላስታ የሚወጣው ገደላማ ተራራ፣ በምሥራቅ ደግሞ የዞብል ተራሮች አጥረውታል፤ ከዞብል ማዶ የአፋር ቆላ ይጀምራል። በዚህ ሜዳ ወፍና ሰው የሚገናኙት ማሽላ ማሳ ውስጥ ስለሆነ፣ የሌንሱም ምርጫ ከማሳው መነሣት ይኖርበታል።

የሌንስ የትኩረት ርቀት የሚባለው፣ ሌንሱ ከሩቅ የሚመጣውን ብርሃን ሰብስቦ ጥርት ያለ ምስል እስከሚሠራበት ቦታ ያለው ርዝመት ነው፤ በሚሊሜትር ይለካል፤ ባደገ ቁጥርም ሌንሱ የሚያየው ስፋት እየጠበበ፣ በውስጡ ያለው ነገር እየገዘፈ ይሄዳል። ሴንሰሩ፣ ማለትም ብርሃኑን ተቀብሎ ወደ ምስል የሚለውጠው የካሜራው ክፍል፣ 36 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ፉል ፍሬም በሚባለው ካሜራ ላይ፣ የ400 ሚሊሜትር ሌንስ በ100 ሜትር ርቀት ላይ 9 ሜትር ስፋት ያለው ቦታ ሲያሳይ፣ የ600 ሚሊሜትር ሌንስ 6 ሜትር ያሳያል። ኤፒኤስ-ሲ የሚባሉት ካሜራዎች ሴንሰራቸው አነስ ያለ በመሆኑ ያው ሌንስ በእነርሱ ላይ ሲገጠም በኒኮንና በሶኒ 1.5፣ በካኖን 1.6 ጊዜ የሚጠብብ እይታ ስለሚሰጥ፣ 400 ሚሊሜትሩ በፉል ፍሬም ላይ የ600 ወይም የ640 ሚሊሜትርን ያህል ያቀርባል። ርካሹ ካሜራ ከውዱ የሚሻልበት አጋጣሚ እምብዛም አይገኝም፤ የዱር እንስሳት ፎቶግራፍ ግን አንዱ ነው።

በቆቦ ከመስከረም እስከ ኅዳር የማሽላው ፍሬ ወተት ይዞ እስኪደርቅ ባለው ጊዜ ዋናው ባለጉዳይ ግሪሳ ነው። ግሪሳ 12 ሴንቲሜትር ገደማ ርዝመትና 20 ግራም ገደማ ክብደት ያለው፣ በቁጥር ከዓለም የዱር ወፎች ሁሉ እንደሚበልጥ የሚገመት ትንሽ ወፍ ሲሆን፣ በመንጋ ሲመጣ ግን የአንድን ገበሬ የዓመት ልፋት በጥቂት ቀናት ሊጨርስ ይችላል። በዚህ የተነሣ ገበሬው በማሳው መካከል ከእንጨት ማማ ይሠራል፤ ጠባቂውም ጎሕ ሲቀድ ወጥቶ በወንጭፍና በጩኸት ወፉን ሲያባርር ይውላል። ፎቶግራፍ አንሺው ከዚህ ወፍ ጋር ሲገናኝ የመጀመሪያ ሐሳቡ ረጅም ሌንስ ይሆናል፤ ስሌቱ ግን ይህን አይደግፍም። 12 ሴንቲሜትር የሆነ ወፍ 20 ሜትር ላይ ሲቀመጥ፣ በ400 ሚሊሜትር ሌንስ ሴንሰሩ ላይ የሚያርፈው ምስል 2.4 ሚሊሜትር ብቻ፣ ማለትም የፉል ፍሬሙ ስፋት አንድ አሥራ አምስተኛ ነው፤ በ600 ሚሊሜትር 3.6 ሚሊሜትር ይደርሳል፣ እርሱም ከአንድ አሥረኛ አያልፍም። በአንጻሩ በዚያው በ400 ሚሊሜትር ወደ 8 ሜትር መጠጋት ቢቻል ምስሉ 6 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ያውም ያለ ተጨማሪ ወጪ።

ወደ 8 ሜትር የሚያስጠጋው ደግሞ ማማው ነው፤ ወፎቹ የማማውን ቅርጽ ስለለመዱት፣ በላዩ ያለ ሰው ካልተወራጨ ከእግረኛ ያነሰ ያስደነግጣቸዋል። እንደ ደጋሊትና ጅጉርቴ ያሉት ነባር የማሽላ ዘሮች ከሰው ቁመት በላይ ስለሚያድጉ፣ መሬት ላይ ለቆመ ሰው የአገዳ ግድግዳ ይሆኑበታል፤ ከማማው ላይ ግን እሸቱም ወፉም በአንድ ደረጃ ይታያሉ። አጭርና ቶሎ የሚደርስ የተሻሻለ ዘር በተዘራበት ማሳ ግን መሬት ላይ ተቀምጦም ማየት ይቻላል፤ የሌንስ ምርጫ በገበሬው የዘር ምርጫ የሚወሰንበት አገር ብዙ አይደለም። መታሰብ ያለበት ሌላ ጉዳይም አለ፦ ፎቶግራፍ አንሺው መንጋው እንዲያርፍ ሲመኝ የማማው ባለቤት እንዲጠፋለት ይፈልጋልና፣ በሰው ማማ ላይ የወጣ እንግዳ ወንጭፉ ሲወነጨፍ ዝም ብሎ ማየት እንጂ «ትንሽ ይቆይ» ማለት አይገባውም። ደግሞም መንጋው በአንድ ጊዜ ሲነሣ ያለው ምስል የሚያምረው በ100 ወይም በ200 ሚሊሜትር እንጂ በ600 አይደለም፤ ስለዚህም የትኩረት ርቀቱ የሚለዋወጥ ሌንስ፣ ማለትም ዙም፣ በአንድ ርቀት ከተወሰነው ይልቅ ለዚህ ቦታ ይመቻል።

ረጅሙን ሌንስ በቆላው የሚያዳክመው ግን ከሁሉ በላይ ሙቀቱ ነው። ፀሐይ መሬቱን ስታግለው ከመሬቱ የሚነሣው ሙቅ አየር ከላይ ካለው ቀዝቃዛ አየር ጋር እየተደባለቀ፣ ሁለቱም ብርሃንን የሚሰብሩበት መጠን ስለሚለያይ፣ በመንገዱ የሚያልፈው ብርሃን ይንቀጠቀጣል፤ ምስሉም በፈላ ውኃ ውስጥ የታየ ይመስላል። ይህ መዛባት ርቀቱ በጨመረ ቁጥር ይብሳል፤ ሌንሱም ወፉን ሲያገዝፍ መዛባቱን አብሮ ያገዝፈዋል፤ በውድ መስታወትም ሆነ ምስል በሚያረጋጋ መሣሪያ አይታረምም። ቆቦ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 12 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይዋ ቶሎ ወደ ላይ ትወጣለች፤ ስለዚህ ለሜዳው ወፍ የሚበጀው ጊዜ ከጧቱ 12፡30 እስከ 3 ሰዓት ያለው፣ ከዚያም ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ያለው አጭር ጊዜ ነው። ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ በ80 ሜትር ላይ ያለን ወፍ በ600 ሚሊሜትር ማንሣት በአብዛኛው ፋይል ማባከን ነው።

ያው ሙቀት ግን ለንስር መልካም ነው። ትልልቅ አሞራዎች ክንፋቸውን ሳያራግቡ ከፍ የሚሉት በሚነሣው ሙቅ አየር ላይ ስለሆነ፣ የሜዳው ፎቶግራፍ ሲያበቃ የሰማዩ ይጀምራል፤ ወደ ላይ የተቃና ሌንስም ከመሬት አጠገብ ያለውን የከፋውን አየር ቶሎ ያልፈዋል። በጥቅምትና በኅዳር ከማዕከላዊ እስያ ተነሥቶ በባብ ኤል መንደብ ወደ አፍሪካ ቀንድ የሚሻገረው የስቴፕ ንስር የክንፉ ስፋት 2 ሜትር ገደማ ስለሚሆን፣ በ150 ሜትር ላይ እንኳ በ400 ሚሊሜትርና በኤፒኤስ-ሲ ካሜራ የፍሬሙን ስፋት ሩብ ያህል ይሞላል።

ስለ ብርሃንም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የሌንስ ኤፍ ቁጥር የትኩረት ርቀቱ ለብርሃን መግቢያው ዲያሜትር ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ሲሆን፣ ቁጥሩ ሲያንስ የሚገባው ብርሃን ይበዛል፤ ከኤፍ 4 ወደ ኤፍ 5.6 መሄድ ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሰዋል። የ600 ሚሊሜትር ኤፍ 4 ሌንስ 150 ሚሊሜትር የሚሆን የብርሃን መግቢያ ስለሚያስፈልገው 3 ኪሎ ግራምና ከዚያ በላይ ይመዝናል፤ ዋጋውም ለአብዛኛው ኢትዮጵያዊ የማይታሰብ ነው። የቆቦ ሰማይ ጥርት ባለበት በበጋ ግን ኤፍ 5.6 ወይም 6.3 ለሚበር ወፍ በቂ የሆነውን የሰከንድ አንድ ሁለት ሺሕኛ ፍጥነት ያስገኛል። በ2017 እንደ ፈረንጆቹ የወጣው የሲግማ 100–400 ሚሊሜትር ከ1.2 ኪሎ ግራም ያነሰ ክብደት ሲኖረው፣ በ2015 የወጣው የኒኮን 200–500 ሚሊሜትር 2.3 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ይህ ልዩነት ማማ ላይ ሁለት ሰዓት ለሚቀመጥ ሰው ትንሽ አይደለም። የትኩረት ርቀትን 1.4 ወይም 2 እጥፍ የሚያደርገው ቴሌኮንቨርተር፣ በሌንሱና በካሜራው መካከል የሚገባው ተጨማሪ መስታወት፣ የመጀመሪያው የብርሃኑን ግማሽ ሁለተኛው ሦስት አራተኛውን ስለሚወስድ፣ በእነዚህ ሌንሶች ላይ ባይገጠም ይመረጣል።

አቧራውም የራሱ ጣጣ አለው፤ ሲዘረጋ የሚረዝም ዙም አየር እየሳበ ስለሚገባ አቧራን አብሮ ያስገባል፤ ያገለገለ ሌንስ የሚገዛ ሰው መስታወቱን በብርሃን ፊት አቁሞ ሻጋታና ብናኝ መፈተሽ አለበት። ከአቧራው የሚከብደው ግን ሰው ስለ ሌንሱ የሚያስበው ነገር ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በተካሄደው ጦርነት ቆቦና አካባቢዋ በተደጋጋሚ የውጊያ ቦታ ሆነዋል፤ በእንዲህ ያለ ምድር ትከሻ ላይ የተደገፈ ረጅም ጥቁር ቱቦ ከሩቅ ምን እንደሚመስል ማሰብ ይገባል። በውጭ አገር ወፉ እንዳይደነግጥ ተብሎ የሚሸጠው የወታደር ልብስ የሚመስል የሌንስ ሽፋን እዚህ ፈጽሞ መታሰብ የለበትም፤ ቀበሌውን ማሳወቅና የማሳውን ባለቤት ማስፈቀድ ከየትኛውም መሣሪያ ይቀድማል። አጭር ሌንስ በዚህም በኩል ይሻላል።

ስለዚህ ለራያ ቆላ አንድ ሌንስ ብቻ ይመረጥ ቢባል፣ ከ100 እስከ 400 ሚሊሜትር የሚደርስ ቀላል ዙም በኤፒኤስ-ሲ ካሜራ ላይ ይበቃል። የ600 ሚሊሜትር ዕዳ መግባት ያለበት፣ አየሩ ቀዝቃዛ፣ እንስሳውም ከሰው የሚሸሽ በሆነበት ከ4,000 ሜትር በላይ ባለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ቀይ ቀበሮን ለማንሣት የሚወጣ ሰው ነው።