«ቬግ» የምትባል ቃል

ለጥገኝነት ጠያቂ ወገኖች ሳስተረጉም ከእንግሊዝኛ ቃላት ሁሉ የምፈራት «ቬግ»ን ነው። ቃልህ ቬግ ነው ማለት ዋሸህ ማለት አይደለም፤ ተድበሰበሰ፣ ቀኑ፣ ቦታውና ሰው አልተለየም ማለት ነው። ማመልከቻ ለመጣል ግን ትበቃለች።

ብዙዎቻችን «አምቢግዩወስ» ከምትባለው ጋር እናምታታታለን። አምቢግዩወስ የኛ ሰምና ወርቅ ናት፤ ፍቺዋ ሁለት ቢሆንም ሁለቱም ጥርት ያሉ ናቸው። ቬግ ግን አንዱም ፍቺ በቅጡ አይጨበጥላትም። ከላቲን «ቫጉስ» የመጣች ስትሆን ትርጉሙ ተንከራታች ማለት ነው፤ «ቫጋቦንድ»ም ዘመዷ ነው።

ያገሬ ሰው «በዚያ ሰሞን ሰዎች መጥተው ወሰዱኝ፤ ብዙ ነገር ደረሰብኝ» ብሎ ዝም ይላል። እኛ ዘንድ ይኼ ጨዋነት ነው፤ ገላው ላይ የደረሰውን ለማያውቀው ሰው የሚዘረዝር ማን አለ? ጠያቂው ግን ስንት ነበሩ? ምን ለብሰዋል? ሌሊት ነው ቀን? ይላል። እባካችሁ ቀጠሮው ሳይደርስ ይኼንን ከጠበቃችሁ ጋር ተነጋገሩበት።

የሚገርመው፣ ሕግም ቬግ ሲሆን ይወድቃል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1972 የጃክሰንቪልን የቦዘኔዎች ደንብ በዚሁ ምክንያት ሻረ። በ2018 ደግሞ በስደተኞች ሕግ ውስጥ «የኃይል ወንጀል» ከሚለው ትርጓሜ አንዱን ክፍል በ5 ለ4 ድምፅ ጣለው። ባለጉዳዩ ዲማያ የተባለ የፊሊፒንስ ተወላጅ ሲሆን፣ ቤት ሰብሮ በመግባት ሁለት ጊዜ ተፈርዶበት ሊባረር የነበረ ሰው ነው።