ከሲኒው አፍ በላይ

እናቴ ከጎንደር ልትጠይቀን ላስ ቬጋስ መጥታ፣ ውጭ 43 ዲግሪ እየነደደ ቡና አፈላች። ሲኒውን እንደ ልማዷ አፍ እስከ ገደፉ ሞላችው። የሰባት ዓመት ልጄ አጎንብሳ አየችና ቡናው ከጠርዙ በላይ ሆኖ ለምን እንደማይፈስ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ። እኔም በእንግሊዝኛ ልመልስ ጀመርኩ። እናቴ "እኔም ልስማ እንጂ ልጄ" አለች።

ሶፍትዌር መሐንዲስ ነኝ፤ ሁለተኛ ዲግሪዬንም እዚሁ ውጭ አገር ነው የሠራሁት። በአማርኛ ግን ቃል አጠረኝ። "ውሃ ቆዳ አለው" ብዬ ልገላገል ነበር፤ ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚለው። ቆዳ ግን የለውም።

የአንዱ የውሃ ሞለኪውል ሃይድሮጅን የሌላውን ኦክስጅን ይስባል። መሀል ያለው ሞለኪውል ዙሪያውን ጎረቤት ስላለው ከየአቅጣጫው እኩል ይሳባል። ገጹ ላይ ያለው ግን በላዩ አየር ብቻ ስለሆነ ወደ ውስጥ ይጎተታል። ስለዚህ ውሃ ገጹን የቻለውን ያህል ያጠባል። የገጽ ውጥረት የሚባለው ይህ ነው፤ በ20 ዲግሪ የውሃው 73 ሚሊኒውተን በሜትር ገደማ ሲሆን የኤታኖል አልኮል 22 ብቻ ነው።

እናቴ አልተዋጠላትም። በሌላ ሲኒ ቀዝቃዛ ውሃ ሞልተን ጠብታ በጠብታ ጨመርንበት፤ ውሃው ጉብ አለ። ልጄ ሳሙና የነካ ጣቷን ስታስነካው ወዲያው ፈሰሰ፤ ሳሙናው ውጥረቱን ቀንሶታል።

"ለካ ልብስ ሲታጠብ ውሃው ጨርቁ ውስጥ ቶሎ የሚገባው ለዚህ ነው!" አለች እናቴ።

ልጄ ሲኒውን አነሳችና በአማርኛ "እማማ፣ እንደገና ሙዪው" አለቻት።