የአንድ ሸንተረር በረዶ

በወሎ ደጋ፣ በለጋምቦና በደላንታ፣ በሰሜን ሸዋም በመንዝና በጣርማበር ከፍታዎች ገበሬው በዓመት ሁለት ጊዜ ሰማይ ሰማይ ያያል። ሌላው አገር የመኸሩን እህል ጎተራ አስገብቶ ሠርግና ማኅበሩን በሚያስብበት በጥርና በየካቲት፣ የበልግ አገር ሰው በሬ ጠምዶ ገብስ ይዘራል። የሚያጭደው በሰኔና በሐምሌ ነው። ስለዚህ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው፣ በአቆጣጠራችን ፀደይ የሚባለው ወቅት ለዚህ ሰው የጭንቅ ጊዜው ነው። ያለፈው ዓመት እህል ከጎተራው እየጎደለ ይሄዳል፤ አዲሱ ገና ማሳ ላይ ቆሟል። ልጆች እሸት ይጠብቃሉ። የበረዶው ማዕበልም የሚመጣው በዚሁ መካከል ነው።

አመጣጡን የአገሩ ሰው ያውቀዋል። ጠዋቱ ብራ ይሆናል። ረፋዱ ላይ ፀሐይዋ ከወትሮው አብልጣ ታቃጥላለች። ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ከገደሉ አፋፍ ማዶ፣ ከቆላው በኩል፣ ነጭ ደመና ሽቅብ መቆለል ይጀምራል፤ ስምንት ሰዓት ግድም ሆዱ ይጠቁራል። ነፋሱ ይቀድማል። አቧራና ገለባ አንሥቶ መንደሩን ያለብሰዋል፤ ቆርቆሮ ያልጠበቀ ሚስማር ካለው ያን ጊዜ ይለይለታል። እረኛው በጎቹን ወደ ዋሻ ወይም ወደ ካብ ጥግ ይነዳል፤ ዛፍ ሥር እንዳይጠለል ከሕፃንነቱ ጀምሮ ተነግሮታል፤ መብረቅ ዛፍ ሥር የተሰበሰበ ከብት ባንድ ምት ሲጨርስ ያየ አገር ነውና። ጥቂት ትላልቅ የዝናብ ጠብታዎች ይወርዳሉ። ከዚያ በረዶው ነው።

ብዙ ጊዜ ሩብ ሰዓት አይሞላም። ሲያባራ ምድሩ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ በቦዩም በፈሰሱም ቡናማ ውሃ በረዶውን እየገፋ ይወርዳል። ገብሱ አገዳው ተሰብሮ ጭቃ ላይ ተኝቷል። የባቄላው አበባ ረግፎ ግንዱ ብቻ ቆሟል። ጥግ ያላገኘ ጥቂት ቀን የሆነው ግልገል ደንዝዞ ይገኛል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ በረዶ ማሳሳቂያ ጊዜም አይሰጥም። የስድስት ወር ድካም ቡና ተቆልቶ በማይፈላበት ጊዜ ውስጥ ያልቃል።

የደጋው ሰው በረዶን ከቆላው ይልቅ የሚፈራበት ምክንያት በምድሩ አቀማመጥ ላይ አለ። በእኛ ሰማይ ውሃ የሚረጋበት ቅዝቃዜ የሚገኘው ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 5 ሺህ ሜትር ግድም ነው። በሞቀ ምድር ላይ የተነሣው እርጥብ አየር ከዚያ በላይ ሲወነጨፍ ጠብታው ይረጋል፤ ነፋሱ ደጋግሞ ሽቅብ ይመልሰዋል፤ በየዙሩ አዲስ የበረዶ ልብስ ይደርባል። አንዱን ፍሬ በቢላ ለሁለት ቢከፍሉት ድርብርቡ ሊታይ ይችላል። ክብደቱ ነፋሱን ሲያሸንፍ ይወድቃል። ቆላ ድረስ የሚወርደው በሞቀ አየር ውስጥ ረጅም መንገድ ስላለበት አብዛኛው ቀልጦ ዝናብ ይሆናል። ማሳው 3 ሺህ ሜትር ላይ ያለ ሰው ግን ከበረዶው መፍለቂያ የሚለየው ርቀት አጭር ነው። ፍሬው ሳይቀልጥ ይደርስበታል። ውርጩንም በረዶውንም የሚቀበለው በዚያው ከፍታው ነው፤ ገብሱን የሚያበቅልለትም ያው ከፍታ ነው።

ጉዳቱ የሚለካው በፍሬው ትልቅነት ብቻ አይደለም፤ ቀኑ ይወስነዋል። ገብስ ገና ቡቃያ ሳለ ልቡ ከአፈር በታች ስለሚሆን ቅጠሉ ተቀዶም መልሶ ያቆጠቁጣል። በመጋቢት የወረደ በረዶ ያስደነግጣል እንጂ ተስፋ አያስቆርጥም። አገዳ ካወጣ በኋላ ሲመታ ይተኛል፤ የተኛውን ከብት ይበላዋል። ዘለላ ከያዘ በኋላ፣ በግንቦት መጨረሻና በሰኔ ከሆነ፣ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል፤ የረገፈውን ገብስ ከጭቃ ለቅሞ ቤተሰብ የሚያኖር የለም። የበልግ ገበሬ ደግሞ ማሳው ከበረዶ ቢተርፍለትም የሚያጭደው ክረምቱ ሲገባ ነው፤ ነዶው ሳይደርቅ ዝናብ ይደርስበታል፤ አውድማው ጭቃ ይሆናል፤ ክምሩ ውስጥ ፍሬው ይበቅላል። ስለዚህ ጥቂት የብራ ቀን ሲያገኝ ሌሊትም ቢሆን ይወቃል። ይህን ስመለከት ሁልጊዜ ደቡቡን አስባለሁ። የእንሰት ቅጠል በበረዶ ሲተለተል ያሳዝናል፤ ሆኖም ምግቡ ያለው ከሥሩና ከግንዱ ስለሆነ ቤቱ አይራብም፤ አዲስ ቅጠል ያወጣል። የወሎው ገብስ እንዲህ ያለ መጠባበቂያ የለውም። ሀብቱ ሁሉ ራሱ ላይ ነው፣ በረዶውም የሚመታው ራሱን ነው።

አሁን ወደሚከነክነኝ ነገር ልምጣ። በረዶ ጠባብ ነው። አንዱን ሸንተረር አውድሞ ማዶ ያለውን ቀበሌ ሳይነካ ያልፋል። በአንዱ ጎጥ የሰው ሁሉ ማሳ ሲጠፋ፣ ከወንዙ ወዲያ ያለው ገብስ በዚያው ዝናብ ረክቶ ለምልሞ ያድራል። ድርቅ እንዲህ አይደለም። ድርቅ አገር ያዳርሳል፤ 66 እና 77 ስንል ማን እንደሞተ፣ ማን እንደተሰደደ፣ መንግሥት እንዴት እንደወደቀና የውጭው ዓለም እንዴት እንደደነገጠ አብሮ ይታወሰናል። በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኞው ድርቅ 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ እርዳታ ሲፈልግ ቁጥሩ በየዜናው ይነገር ነበር። በረዶ የበላው ሸንተረር ግን ዓመተ ምሕረት የለውም። ያ ቤተሰብ ከድርቅ ቤተሰብ እኩል ይራባል፤ የሚራበው ብቻውን ነው።

መዝገቡም አይረዳውም። በየጣቢያው ያለው የዝናብ መለኪያ ውስጥ የገባ በረዶ ቀልጦ እንደ ውሃ ይለካል፤ በሚሊ ሜትር ይጻፋል። እንግዲህ ጣቢያው የተመታው ሸንተረር ላይ ቢሆን እንኳ፣ ታዛቢው በረዶ መሆኑን ለይቶ ካላሰፈረ፣ ያ የጥፋት ቀን በዓመቱ ድምር ውስጥ መልካም ዝናብ የጣለበት ቀን ሆኖ ይቀራል። የበልጉ ዝናብ መደበኛ ነበር የሚል ዘገባ ስሰማ ይህ ትዝ ይለኛል። ዘገባው እውነት ነው። ገብሱ የጠፋበትም ሰው እውነቱን ነው።

የሰብል ዋስትናም ነገር ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በ2001 ዓ.ም. በትግራይ አዲ ሐ በተባለች መንደር ኦክስፋም አሜሪካ፣ ማኅበር ረድኤት ትግራይና የመድን ኩባንያው ስዊስ ሪ ከሌሎች ጋር ሆነው አንድ የዋስትና ሥራ ጀመሩ፤ መጀመሪያ የገቡት ገበሬዎች 200 ግድም ነበሩ። የጥሬ ገንዘብ አቅም የሌለው ገበሬ አረቦኑን በጉልበቱ፣ እርከንና ውሃ ማቆር እየሠራ፣ እንዲከፍል ተፈቀደ። ሐሳቡ ድንቅ ነው፤ ድሃን ዋስትና ገዢ ማድረግ ቀላል ነገር አይደለም። በኋላ የዓለም ምግብ ፕሮግራም ገብቶበት ወደ አማራ ክልልም ተስፋፋ። ካሳው የሚከፈለው ግን ማሳ እየታየ አይደለም፤ ሳተላይት በሚገምተው የዝናብ መጠን ነው። ዝናቡ ከተወሰነው ልክ ሲያንስ ይከፈላል። ሳተላይቱ አገሩን የሚያይበት ካሬ በየጎኑ ወደ 10 ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ነው፤ በዚያ ካሬ ውስጥ ስንት ሸንተረር፣ ስንት ጎጥ አለ! ደግሞም ማዕበሉ የመታው ቦታ በስሌቱ ውሃ የጠገበ ሆኖ ይታያል። ዋስትናው ለድርቅ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ያልገባውን ቃል አልፈጸመም ብሎ መክሰስ አይገባም። የሚያሳዝነው በዋስትናውም በመዝገቡም በኩል ያው ሰው ተደጋግሞ መታጣቱ ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ልማታዊ ሴፍቲኔትም በዋናነት የሚመርጠው በየዓመቱ የሚራበውን ነው። እስከ ትናንት ራሱን ችሎ ሲኖር የነበረ፣ ዛሬ ከቀትር በኋላ የደኸየ ሰው በዝርዝሩ ላይ የለም።

ማዕበልና ድርቅ ተቃራኒ መስለው የሚታዩትም ከሩቅ ላለ ሰው ነው። በዚያው በ2008 ዓ.ም. ድርቁ ሳይለቅ የፀደዩ ዝናብ በአንድ ጊዜ ዶፍ ሆኖ ወረደ። ጅግጅጋ ላይ ደራሽ ጎርፍ ሰው ገደለ፤ በወላይታ ተራራ ተንሸራቶ ቤተሰቦችን ከነቤታቸው ቀበረ። ሣሩ ያለቀበት፣ ከብት የረገጠው፣ ፀሐይ ያደረቀው መሬት ውሃ አይጠጣም፤ ያንሸራትታል። በድርቅ የከሳ ከብትም የሚጠብቀው ዝናብ ሲመጣ ብርዱን መቋቋም አቅቶት ይሞታል። አርብቶ አደሩ ይህን ደጋግሞ አይቶታል።

የድሮው መንደር ይህን ጠባብ መከራ እንዴት ይይዘው እንደነበር ማሰብ ይጠቅማል። በረዶ ሲጥል መጀመሪያ የሚጠየቀው በዓል የሻረ ማን ነው የሚል ነበር። በታቦቱ ቀን ያረሰ ወይም ያጨደ ሰው በሁሉ ላይ መቅሠፍት ያመጣል ተብሎ ይታመናል፤ ዛሬም በብዙ ቦታ ይታመናል፤ በአንዳንዱም አገር በዓል የሻረ ይቀጣል። በረዶ መመለስ ይችላል የሚባል፣ ሲያስቀይሙትም ይልካል ተብሎ የሚፈራ ደብተራ ነበር። በወሎ ክርስቲያኑ ምህላ ሲይዝ እስላሙ በዱዓና በወዳጃ ይሰበሰባል፤ ብዙ ጊዜም አንዱ የሌላውን አሜን ይላል።

በዚህ እምነት ውስጥ ጭካኔም ነበረበት። በበዓል ቀን ማሳው ውስጥ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ድሃው ነው፤ የራሱ በሬ ስለሌለው የሌላውን በሬ ባገኘበት ቀን የሚያርስ፣ ወይም ለልጆቿ የምትሰጠው ያጣች መበለት። በረዶውን በእነርሱ ማላከክ በተጎዳ ላይ ጉዳት መጨመር ነው፤ እኔ ይህን አልቀበለውም። ግን የዚያው እምነት ሌላው ጎኑ ይገርመኛል። በረዶው በአንድ ሸንተረር ቢወርድም ነገሩ የሁሉ ነበር። ምህላ የሚቆመው ማሳው የተረፈለትም ሰው ነው። የእኔ ገብስ ስላልተነካ አይመለከተኝም ማለት አይቻልም ነበር።

ዛሬም በተግባር የሚታየው ይህ ነው። የተመታው ሰው ቆርቆሮው ከተገነጠለ ጎረቤት በደቦ ወጥቶ ወራጅና ማገር ያቆማል። የተኛውን ገብስ ለከብት መኖ አጭደው ይከምሩለታል። ወንድም ከማዶ አንድ ላም ይወስድለታል፤ ወተቷን ጠጥቶ እስኪያልፍለት ያቆይለታል። ዘር የሚያበድርም አለ። በመካከሉ ጠብ ይነሣል፤ ላይኛው ገበሬ ማሳውን ለማዳን የቀደደው ፈሰስ ውሃውን ሁሉ በታችኛው ላይ ለቆበት ይገኛል፤ ሽማግሌዎች ቦታው ድረስ ሄደው ድንበሩንና ቦዩን እያዩ ይዳኛሉ። ጎርፍ ከሰማይ ሲወርድ የማንም አይደለም፤ በሰው እጅ በተቀደደ ቦይ ሲያልፍ ግን ባለቤት ያገኛል። የጋራ መውረጃ በእርከን ጫፍ ተሠርቶ እስከ ወንዙ ድረስ ሣር ወይም ድንጋይ የለበሰበት ቀበሌ ይህ ክርክር ሲቀንስ ይታያል።

የጎረቤት አቅም ግን ልክ አለው። አንድ ጎጥ በሙሉ ሲመታ አበዳሪውም ተበዳሪውም እኩል ባዶ ናቸው። ያን ጊዜ ዘር የሚገኘው ከገበያ ወይም ከአራጣ አበዳሪ ነው፤ ገበያው ላይ ደግሞ በዚያ ወቅት የዘር ገብስ ይወደዳል። እኩል አራሹ መሬቱን ለባለቤቱ መልሶ ጅቡቲ መንገድ ላይ ጭነት ወደሚያወርድ ዘመዱ ወይም ወደ ደሴ የቀን ሥራ ይሄዳል።

በዚህ ላይ የሚያስፈልገው ነገር ትንሽና ቶሎ የሚደርስ ነው። በግንቦት መጨረሻ ወይም በሰኔ መጀመሪያ የተመታ ማሳ አልሞተም፤ አፈሩ ረጥቧል፣ ክረምቱ ከፊቱ ነው፣ ቶሎ የሚደርስ ገብስ ወይም ምስር ከተገኘ ለመኸር ይዘራበታል። ተስፋው የሚያበቃው የጊዜው በር ሲዘጋ ነው፤ ያም በሳምንታት የሚቆጠር ነው። የግብርና ሠራተኛው ማሳውን ቆጥሮ ለወረዳ ጽፎ፣ ወረዳው ለዞን ልኮ፣ መልሱ በነሐሴ ቢደርስ ማሳው አረም ሆኖ ይጠብቀዋል። በቀበሌው ኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን ውስጥ ግን ከሰኔ በፊት ጥቂት ኩንታል ዘር ተቀምጦ፣ በረዶ መውረዱን የቀበሌው ሽማግሌዎችና የግብርና ሠራተኛው አብረው መስክረው በዚያው ሳምንት ቢሰጥና በመኸሩ በእህል ቢመለስ፣ ያ ሰው መሬቱን ሳይለቅ ያርሳል። ከማዶ ያለው፣ ማሳው የተረፈለት ጎረቤትም ለዚያ መጋዘን ከገብሱ ቁና ቢሰፍር፣ በሚቀጥለው ፀደይ ደመናው ወደ እርሱ ሸንተረር ቢያዘነብል የሚመጣው እዚያው ነው።