የጓሯችን እንቁራሪት

ክረምት በገባ ቍጥር ከጓሯችን ቦይ የሚነሣው የእንቁራሪት ጩኸት እንቅልፍ ነሣን እያልን ስናማርር ብዙ ዓመት ኖረናል። ስለዚች ፍጥረት የምናውቀውም ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ አንደኛው በኦሪት ዘጸአት በግብጽ ላይ የወረደው ሁለተኛው መቅሠፍት ጓጕንቸር መሆኑን፥ ሌላውም ዝሆንን አክላለሁ ብላ ተሰንጥቃ ሞተች የሚለውን ተረት ነው። መቅሠፍትና መተረቻ ከማድረግ በቀር ኑሮዋን ጠጋ ብለን አልተመለከትንም።

ባለፈው ዓመት በሰኔ ወር ግን ትንሿ ልጃችን እንደ ተልባ ውኃ የሚዝለገለግ፥ ጥቋቍር ነጠብጣብ ያለበት ነገር ከቦዩ በጠርሙስ ቀድታ መጣች። «ይህን ቈሻሻ ጣይው!» ብለን ተቈጣን። አብረውን የሚኖሩት አያቷ ግን «ተዉአት፤ የእንቁራሪት እንቍላል ነው፤ ነፍስ አለበት» አሉን። ጠርሙሱም በመስኮት አጠገብ ተቀመጠ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ነጠብጣቡ ጭራ አውጥቶ ይዋኝ ጀመር። ብዙዎቹ ሲሞቱ አንዲቱ አደገች። ጨቅላ እንቁራሪት በመልኳም በኑሮዋም ዓሣን ትመስላለች፤ እግር የላትም፥ በስንጥብ ትተነፍሳለች፥ በድንጋይ ላይ የሚለጠፈውን አረንጓዴ የውኃ እድፍ እየጋጠች ትኖራለች። ከሳምንታት በኋላ አስቀድሞ የኋላ እግሮቿ፥ ቀጥሎም የፊቶቹ ወጡ። ያን ጊዜ መብላቷን ተወች። ልጃችን ልትሞት ነው ብላ ስታለቅስ፥ ወራቱ ፍልሰታ ነበርና አያቷ «አይዞሽ፤ እርሷም እንደ አንቺ ጾም ይዛ ነው» ብለው አጽናኗት።

ነገሩን ስንመረምር የአያቷ ቃል ከእውነት የራቀ ሆኖ አላገኘነውም። በዚያ ሰሞን አረንጓዴ የሚፈጨው ረዥም አንጀቷ ለሥጋ በል እንዲስማማ ያጥራል፤ አፏ ይሰፋል፤ የስንጥቡን ሥራ ሳንባ ይረከባል። ጭራዋም ተቈርጦ አይወድቅም፤ ቀስ በቀስ ወደ ሰውነቷ ተመልሶ ስንቅ ይሆናታል።

በዚያው ሰሞን ሌሊቱ ጸጥ አለ። እኛም እንቅልፍ አገኘን ብለን ደስ አለን። ልጃችን ግን ወደ ቦዩ ወርዳ «ሁሉም ተንጋለው ተንሳፈዋል» ብላ ተመለሰች። ገዳዮቹ እኛው ነበርን። ክረምቱን ሙሉ በረኪና ያለበትን የልብስ እጣቢ ወደ ቦዩ ስንደፋ ከርመናል። የእንቁራሪት ቈዳ እንደ እኛ ቈዳ መከለያ ብቻ አይደለም፤ ውኃ የምትጠጣው በእርሱ ነው፥ ከትንፋሿም ከፊሉን በእርሱ ትስባለች። ስለዚህ ከውኃው ጋር የተቀላቀለ መርዝ ወደ ሰውነቷ ለመግባት ደጅ አያጣም። በሌሊት የሚጮኸውም ወንዱ ኖሯል፤ ጕሮሮውን እንደ ፊኛ ነፍቶ ሴቲቱን ይጠራል። እኛ ስናማርረው የኖርነው የሠርግ ዜማ ነበር።

ጥፋቱ የእኛ ቤት ብቻ አለመሆኑን የተረዳነው በኋላ ነው። የእንቁራሪትና የጓጕንቸር ዐይነት በዓለም ላይ ከ7,000 ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ዓለም አቀፍ ጥናት እንደሚያስረዳው ግን በውኃና በየብስ ከሚኖሩት ከእነዚህ ወገኖች ከመቶው 41 ያህሉ ለመጥፋት ተቃርበዋል። የሚኖሩበት ጫካና ረግረግ ይመነጠራል፤ ቈዳቸውን የሚያጠቃ የፈንገስ በሽታም ብዙዎቹን ጨርሷል። በአገራችን በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1978 ለሳይንስ የታወቀች፥ እንቍላሏን በውኃ ሳይሆን በየብስ የምትጥል ትንሽ ጓጕንቸር አለች፤ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አትገኝም። እርሷ ከጠፋች ከወዴት እናመጣታለን?

ጾሙ በተፈታ ማግስት የጠርሙሷን እንቁራሪት ከቤታችን በላይ ባለው ምንጭ ዳር ለቀቅናት። እጣቢውንም ከቦዩ ርቆ በተቈፈረ ጕድጓድ መድፋት ጀመርን። ከእናንተም መካከል ጓሮው ከውኃ የሚዋሰን ቢኖር፥ እጣቢውን ወዴት እንደሚደፋ ያስብበት ዘንድ እንለምናለን።

ዘንድሮ ዝናቡ ሲጀምር መስኮቱን ከፍተን ብዙ ሌሊት አዳመጥን። በመጨረሻ አንድ ድምፅ ብቻ ተሰማ። ልጃችን ከመኝታዋ ተነሥታ «መጣች!» አለች። ሴቲቱ ሳትሆን ወንዱ መሆኑን እያወቅን አላረምናትም። በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አጣን፤ ያማረረ ግን አልነበረም።